ቀጥ ያለ ድንበር ያለህ!

— ምን ታጠናለህ?

— ድንበር።

— የማንንና የማንን?

— የላይንና የታችን። ማግኔት ውስጥ ጥቃቅን ቀስቶች አሉ። ከፊሉ ወደ ላይ፣ ከፊሉ ወደ ታች ሲያይ መሃላቸው ድንበር ይወጣል።

— ታዲያ በማስመሪያ አስምረህ አትገላገልም?

— ማግኔቱ ውስጥ የገባው ቆሻሻ መቼ ያስቀምጣል! እያንዳንዱ ቀስት በዕጣ የደረሰው ሹክ ባይ አለው፤ አንዱን «ውጣ»፣ ሌላውን «ውረድ» የሚል።

— ሹክ ባይ ከበዛማ ሰልፉ ተበተነ በለኛ!

— እንደ ቦታው ነው። ኢምሪና ማ እ.ኤ.አ. በ1975 አስልተውታል።

— ኢምሪና ማ?

— ኢምሪና ማ። ስሙ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ባለው ነገር፣ ጎኑ 100 የሆነ ቡድን ልገንጠል ቢል በግርድፉ ለድንበሩ 10,000 ይከፍላል፤ ከሹክ ባዮቹ የሚያገኘው 1,000 ነው። አያዋጣውም።

— ሚሊዮን ሹክ ባይ ይዞ 1,000 ብቻ?

— እርስ በርስ ይጣፋሉ። የሚተርፈው የሚሊዮን ስኩዌር ሩት ነው።

— ሚሊዮን ተሰብስቦ የሺህ ሥራ! ይሄን ስብሰባ አውቀዋለሁ።

— ቁመት በሌለው ዝርግ ነገር ግን ወጪውም 100፣ ገቢውም 100 ነው።

— አቻ! ዳኛው ማነው?

— ድንበሩ ራሱ። ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ወደሚመቸው እየተጣመመ ትንሽ ትንሽ ያተርፋል። ሜዳው በቂ ስፋት ካለው ያቺ ትርፍ ተጠራቅማ ሰልፉን ትበትናለች። አይዘንማንና ዌር በ1989 በሒሳብ አረጋግጠዋል።

— ጠማማ እንደሚያተርፍ ለማወቅ ፊዚክስ መማር ነበረብህ?

— ቁመት ሲጨመር አያተርፍማ! ፓሪዚና ሱርላስ በ1979 ያወጡት ውብ ስሌት ግን እዚያም ሰልፉን በታተነው። ኋላ ግን ኢምብሪ በ1984፣ ብሪክሞንና ኩፒያይነን በ1987፣ ሹክታው ደካማ ብርዱም ብርቱ ከሆነ ሰልፉ እንደሚጸና አረጋገጡ።

— ፓሪዚ ኖቤል የወሰደው አይደለም እንዴ?

— ነው፣ በ2021። በሌላ ሥራው።

— እኔን ግን የማንም ሹክታ አያጣምመኝም!

— አንተማ ስፋትም ቁመትም የለህ፤ ያለህ ርዝመት ብቻ ነው፤ እሱም የምላስ። እንዲህ ያለው ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይበተናል።