አንድ ኳስ ሳይመቱ ፍጻሜ

ኡካ ከተማ ላይ የሰፈር ዋንጫ ሲታሰብ ከኳሱ በፊት የሚደክመው ኮሚቴው ነው። ጥሎ ማለፍ ነው ወይስ ዙር? ማን ከማን ይደልደል? የቡናው አቦል ያልቃል፣ ቶናው ያልቃል፣ በረካው ላይ ዕጣው ከኮፍያ ይወጣል። ለሰብሳቢው ሰፈር ደካማው ቡድን ይደርሰዋል፤ ዕድል ነዋ!

አይፈረድባቸውም፤ ድልድል ብዙ ይወስናል። በ1957 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ስትቀር፣ ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ፍጻሜ ገባች፤ በግብፅ 4 ለ 0 ተረታ ሁለተኛ ወጣች። በ1959 ሦስት አገሮች በዙር ሲገጥሙ ግን ሁለቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ሦስተኛ ሆነች። በ1962 አዘጋጅ ሆና በቀጥታ ከግማሽ ፍጻሜ ጀመረች፣ ዋንጫውንም አስቀረች።

«ሜዳው የኛ ስለሆነ ከግማሽ ፍጻሜ እንጀምር» የሚሉት የኮሚቴ አባል እንግዲህ ታሪክ አዋቂ ናቸው።