የጦጢት የኮቴ ገበያ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሸለቆ በሚኖሩበት ዘመን፣ ከሸለቆው ራስጌ አንድ ትልቅ ገደል ነበረ። የዚያ ገደል ማሚቶ የሰማውን ሁሉ አይመልስም። ከሥሩ ቆሞ የሚያዳምጠው ሲበዛ ድምፁን እያጎላ እስከ ሩቅ መንደር ይልከዋል፤ ሰሚ ያጣውን ድምፅ ግን እዚያው ይውጠዋል። ዓይን የለውም። የሚያውቀው ከሥሩ መሬት የሚረግጠውን ኮቴ ብዛት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ የሽኮኮ ግልገል ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ እንደ አንበሳ አገሣለሁ ብሎ ደረቱን ነፋ። አፉን ከፈተ። ግሣቱ ሊወጣ ሲል አስነጠሰው፤ በገዛ ማስነጠሱም ደንግጦ እናቱ ሆድ ሥር ገባ። ውኃ ጭና የምታልፍ አህያ ይህን ሰምታ እስክትንገዳገድ ሳቀች። ለፍየል ነገረቻት፤ ፍየል ግልገሎቿን ይዛ መጣች፤ ግልገሎቹ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ሲመሽ የግልገሉ ማስነጠስ ከገደል ገደል እየተቀባበለ ቆላ ወርዶ ነበር። እናቱ እንኳ የሰማችው ከሌላው ሁሉ በኋላ ነው። ማንም አልከፈለ፣ ማንም አልለመነ። የሳቀ ሁሉ ብቻውን መሳቅ ስለማይሆንለት አንድ ወዳጁን አስታወሰ፤ “ይህንማ መስማት አለበት” አለ። እኔ እንደሚገባኝ አንድ ነገር በእውነት የሚዛመተው በዚህች የወዳጅነት አሳብ ነው፤ ለዚህም ነው ስትሰረቅ የሚያመኝ።

እመት ጦጢት ዋርካ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ሌላው ሲስቅ እሷ ኮቴ ትቆጥር ነበር።

አያ ጅቦ በዚያ ሰሞን ሥራ ፈልጎ ነበር፤ የአህዮች የሌሊት ጠባቂ መሆን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ በዚህ ሸለቆ ግን የማያውቀው አልነበረም። ስለዚህ ወደ ጦጢት ሄደ።

“አህያ እንዴት አድርጎ ያምነኛል?” አላት።

“አህያ አንተን አያምንም፤ አህያን ግን ያምናል። አንተ ዘፈንህን አውጣ፣ አህዮቹን ለእኔ ተውልኝ።”

ጦጢት ከድሃው ኮረብታ ትንንሽ ጦጣዎችን ሰበሰበች። በየመዳፋቸውና በየእግራቸው የአህያና የፍየል ኮቴ በልጥ አሰረችላቸው። ኮቴውን ያመጣው ጅብ ራሱ ነው፤ ከዋሻው አወጣው። ከየት እንዳገኘው ጦጢት አልጠየቀችም። ሌሊት ሌሊት፣ ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ፣ ገደሉ ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ረገጡ፤ ለሺህ ርግጫ አንድ ራስ በቆሎ። ዘፈኑ በወጣበት ሰዓት ካልተረገጠ ገደሉ ይረሳዋልና የመጀመሪያውን ሌሊት እጥፍ አሠራቻቸው። ግማሾቹ “እንዲህ ያለ ጠባቂ የት ይገኛል!” ሲሉ ግማሾቹ እንዲሳደቡ አዘዘች፤ ጠብ መንገደኛ ያቆማል። በገደሉ መግቢያም የሙሽራ ሚዳቋ ሥዕል ሰቀለች። ሙሽራዋን ልይ ብሎ የገባው ሁሉ የጅብን ዘፈን ሰምቶ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን እውነተኞቹ አህዮች መጡ። “ይህን ያህል ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ቢኖረው ነው” ይባባሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ጦጢት ብዙ ማስረገጥ አላስፈለጋትም።

መክፈሉ በራሱ ነውር አይደለም። አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት ሲጎስም ማን እንደላከው ይናገራል። አስለቃሽም ተከፍሏት ስታስለቅስ የሟች እናት ናት ብሎ የሚሳሳት የለም። ጦጢት የሸጠችው የጎረቤትን ምስክርነት ነው፤ ጎረቤቱ ሳያውቅ። ከዚህም የከፋ ነገር ሠራች። በዚያው ሳምንት በግ “ወንዙ ሞልቷል፣ በታችኛው መሻገሪያ አትሂዱ!” ብላ ጮኻ ነበር። ጩኸቷ በኮቴው ጋጋታ ተሸፈነ፤ ገደሉም ዋጠው። የአንድ አገር ጆሮ ልክ አለው፤ በሐሰት የተሞላው ጆሮ ለእውነተኛው ቦታ አይኖረውም።

አህዮቹ ጅብን ቀጠሩ። በሦስተኛው ሌሊት የአንዲት ባሏ የሞተባት አህያ ውርንጭላ ጠፋ።

እንስሳት ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ዳኛዋ ኤሊ ከሁሉ አስቀድማ ገደሉ ሥር ሄዳ ጭቃውን መረመረች። ዱካው የአህያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ኮቴ ኋላ ግን የተጎተተ ጣት አለ። ደግሞም በሺህ የሚቆጠረው ርግጫ አንድ ቦታ ላይ የተከመረ ነው፤ ከየትም የመጣ፣ ወደየትም የሄደ አይታይም።

“እኔ በምመላለስባቸው በሰዎቹ አገሮችም ይኸው ነው” አለች ሽመላ፤ ከአውሮፓ ከመጣች ብዙ አልቆየችም። “እነሱ ዩቲዩብ የሚባል ገደል አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የሠሩት። በ2007 አንድ እንግሊዛዊ አባት፣ ሕፃን ልጁ የታላቅ ወንድሙን ጣት ሲነክስ የቀረጸውን፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ አሜሪካ ላለው የክርስትና አባታቸው ብሎ ጫነ። ዓለም ሁሉ አየው፤ ልክ እንደኛ ሽኮኮ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ሎንሊገርል15 የምትባል ልጅ ከመኝታ ቤቷ ሆና የልቧን ታወራ ነበር። ስንቱ አዘነላት። በኋላ ግን ተዋናይት መሆኗ፣ ታሪኩንም የሚደርሱላት ሌሎች መሆናቸው ታወቀ።”

“ገደሉስ ዝም ብሎ አየ?” አለች ኤሊ።

“የለም። እይታው 301 ላይ ሲደርስ ቆጠራውን ገታ አድርጎ የእውነት ሰው መሆኑን የሚያጣራበት ዘመን ነበር። በ2012 ደግሞ ስንት ሰው ከፈተው ከማለት ይልቅ ለምን ያህል ጊዜ ቆዩበት ብሎ መመዘን ጀመረ።”

“ኮቴ ነጋዴዎቹስ?” አለች ጦጢት ሳታስበው።

“እነሱም መቆየት ጀመሩ። ስልክ በመደርደሪያ ደርድረው፣ ማንም የማያየውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ያጫውቱታል። በ2024 ግን የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፤ ለንግድ ብሎ የሐሰት ተከታይና የሐሰት እይታ መሸጥ ተከለከለ፤ እያወቁ መግዛትም።”

“መግዛትም?” አለ ጅብ።

በዚህ መሐል አንዲት ትንሽ ጦጣ ከኋላ መጣች። መዳፏ ልጡ በታሰረበት ቆስሏል። ውርንጭላው መጥፋቱን ገና አልሰማችም ነበር፤ የመጣችው ያልተከፈላትን በቆሎ ልትጠይቅ ነው።

“የረገጥሽለትን ዘፈን ታውቂዋለሽ?” አለቻት ኤሊ።

“አላውቀውም። ቁጥር ስለምቆጥር አልሰማሁትም።”

ጉባኤው ጦጢት ላይ ተነሣ፤ ትሰቀል ያለም ነበር። ያን ጊዜ የውርንጭላው እናት ቆመች። “ጅብ ጅብ ነው፤ ከሱ ሌላ አልጠብቅም። ጦጢትም ነጋዴ ናት። እኔ የምጠይቀው ጎረቤቶቼን ነው። ‘ደግ ጠባቂ ነው፣ ልጅሽን አደራ ስጪው’ እያላችሁ ደጄ ድረስ የመጣችሁ፣ ሲጠብቅ ያየ ከመሐላችሁ ማን አለ?”

አንዷ ከጎረቤቷ እንደሰማች ተናገረች። ጎረቤቷ ከአማቷ ነው አለች። አማቷ ከበሬ፤ በሬውም ከገደሉ።

ኤሊ ከሽማግሌዎቹ ጋር መክራ ፈረደች። ጅብ ከሸለቆው ይውጣ። ጦጢት የልጆቹን በቆሎ ከነውዝፉ ትክፈል፤ ከእንግዲህም የተከፈለበት ድምፅ ሁሉ ገደሉ ሥር ከመሰማቱ በፊት የከፋዩን ስም ይጥራ። የበግ ጩኸት ዛሬውኑ በየመንደሩ ይነገር፤ ወንዙ ገና አልጎደለምና። ለእናቲቱ ካሳ ይሰጣት፤ ካሳውንም፣ ሳያዩ የመሰከሩት ሁሉ ወሬውን ባደረሱበት ቤት ልክ፣ ለአንድ ቤት አንድ ቁና ገብስ እያሉ ያዋጡ።

በሬው ተቆጣ። “እኔ እኮ የሰማሁትን ከመድገም በቀር ምንም አላደረግሁም!”

“ለስንት ቤት ደገምከው?” አለችው ኤሊ።

“ለስድስት።”

“እንግዲያው ስድስት ቁና” አለች፤ ቀጣዩንም ጠራች።