ሲጮህ ነው ኃይሉ ያልከው ላፕቶፕ

«ላፕቶፔ ኃይለኛ ስለሆነ ነው የሚጮኸው» ትላለህ። ጩኸትማ ባዶ በርሜልም አለው! በአራብሳ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ የጎረቤት ሳል ያልፋል፤ አንተ እኩለ ሌሊት ቪዲዮ ስታቀናብር ደረጃው በሙሉ ከፋንህ ጋር ያድራል።

«ማቀዝቀዣ ገዝቼ ከሥሩ አደረግሁለት» ትላለህ። ከላይ እየለኮስከው ከታች ብታናፍስለት ምን ሊበጀው? እሳቱን ቀንስ እንጂ! አምራቹ ለመጠባበቂያ ብሎ ለፕሮሰሰሩ ከሚበቃው በላይ ቮልቴጅ ይመድብለታል። ፕሮሰሰሩ ሲያስላ የሚበላው ኃይል ደግሞ የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ፍጥነቱን ሳትነካ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብታወርደው ይህ ኃይል 19 በመቶ ይወርዳል። በነፃ!

«ውጭ ያለው ወንድሜ ይህንኑ ላፕቶፕ ይዞ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም።» ወንድምህ የሚኖረው ባሕር ጠረፍ ነዋ! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን ሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ አንዴ ዞሮ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ አብዝቶ ይዞራል። ብርዳችን ባያግዘው ደግሞ ይብስ ነበር።

«ፍጥነቱ ቢቀንስብኝስ?» የሚቀንስብህ ሙቀቱ ነው! ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ይዘገያል።

«ቢቃጠልስ?» ቮልቴጅ አንሶት የተቃጠለ ፕሮሰሰር አሳየኝ! ከልክ ካለፍክ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ይዘጋል፤ ያላስቀመጥከው ሥራም ይጠፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይልህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፤ ከዚያ አሥር አሥር ሚሊቮልት እያወረድክ፣ በየደረጃው በከባድ ሥራ ፈትነው።

«ሞክሬ ነበር፤ አልነካም አለኝ።» እዚህ ላይ እውነትህን ነው። በ2012 ዓ.ም. ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሲወጣ፣ የብዙ ኢንቴል ላፕቶፖች የቮልቴጅ ማስተካከያ በባዮስ ማሻሻያ ተቆለፈ። ክፍተቱ የሚያሰጋው ኤስጂኤክስ የሚባለውን የምስጢር ክፍል ነው። ያንን ክፍል ነክቶት የማያውቅ ሰው በገዛ ዕቃው ላይ እንዳያዝ መደረጉ ያናድደኛል፤ ምርጫውን ለባለቤቱ መተው ይቻል ነበር።

«እንግዲያው እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» ማን አለህ? የዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ ገብተህ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ጣሪያ ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደው፤ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ቱርቦ የሚባለው ተጨማሪ ፍጥነት ይጠፋል። አዎ፣ በዚህኛው ፍጥነት ትከፍላለህ፤ ቪዲዮህ ዘግይቶ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ግን ባትሪህ ይቆይልሃል።