ያልታዘዘው ዳቦ

ዳቦው ሳይጠራ ይመጣል። ሊስበን ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ ወንበር የሳበ እንግዳ ሜኑውን ገና ሳይገልጥ አስተናጋጁ ዳቦ፣ ቅቤ፣ የወይራ ፍሬ፣ አንዳንዴም የበግ ወተት አይብ ወይም በዳቦ የሚቀባ ሰርዲን ደርድሮለት ዘወር ይላል። ፈገግታው የዘመድ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ዘመድነቱ በዩሮ ተተምኖ ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። ፖርቱጋሎች ኩቬር ይሉታል።

ስለ ፖርቱጋል ዕረፍት የሚመክር ሰው ሁሉ ይህን ጉዳይ ወይ ይዘለዋል ወይ ሹክ ብሎ ያልፈዋል። ምክሩ የሚበዛው ሌላው ላይ ነው። የሲንትራው የፔና ቤተ መንግሥት ትኬት የመግቢያ ሰዓት ስለተቆረጠለት ቀደም ብሎ መግዛት፤ ብዙ ሙዚየም ሰኞ ስለሚዘጋ ሰኞን ለባሕር መተው፤ 28 ቁጥር ትራም ስለሚጨናነቅ ቦርሳን ከፊት ማድረግ፤ የእግረኛው መንገድ ድንጋይ ስለሚያንሸራትት የማይከዳ ጫማ መያዝ። ሁሉም እውነት ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ደግሞ ለሸንገን ቪዛ ሲል ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ገዝቷል፣ የባንክ ስቴትመንት አውጥቷል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፏል። ይህን ሁሉ ተወጥቶ የመጣ ሰው በሦስት ፍሬ ወይራ ይረታል። ኢንሹራንሱ ወይራ አይሸፍንም።

ሐበሻ የቀረበለትን ምግብ መመለስ አያውቅበትም። የሚያውቀው «ጠግቤአለሁ» ማለትንና «በሞቴ» ሲባል መብላትን ነው። ሊስበን ላይ «በሞቴ» የሚል አስተናጋጅ የለም፤ ሐበሻው ግን ያልተባለውን ሰምቶ ይቆርሳል። ዳቦ ያቀረበለትን ሰው «ውሰድልኝ» ቢል እናቱ ካለችበት የምትሰማው ይመስለዋል።

ሕጉ ግን ከእንግዳው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የንግድና የአገልግሎት ድንጋጌ እንደሚለው፣ እንግዳው ካላዘዘው ወይም ነካክቶ ለሌላ እንዳይሆን ካላደረገው በቀር ማንኛውም ምግብም ሆነ መጠጥ ሒሳብ አይጠየቅበትም፤ ኩቬርም በስሙ ተጠርቶ እዚያው ውስጥ ተጽፏል። የሚከራከር ቢመጣ ደግሞ የቅሬታ መጽሐፍ የሚባል ነገር አለ። ፖርቱጋል ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ቤት ሁሉ ይህን መጽሐፍ የመያዝ፣ መያዙንም በሚታይ ቦታ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። እንደ እኛ መሥሪያ ቤቶች የሐሳብ መስጫ ሣጥን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ አይደለም። ገጹ በሦስት ቅጂ ይጻፋል፤ አንዱ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይላካል፣ አንዱን ቅሬታ አቅራቢው ይዞ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ከመጽሐፉ ጋር ይቀራል። መጽሐፉን አላመጣም የሚል ቢኖር ፖሊስ መጥራት ይቻላል።

እስቲ አንድ ሰው ስለ ወይራ ፖሊስ ሲጠራ ይታሰብ። ቅጹ ስም ይፈልጋል፣ አድራሻ ይፈልጋል፣ የመታወቂያ ቁጥር ይፈልጋል። ፓስፖርቱ ሆቴል ቀርቷል። ሚስት በእግሯ እየጎሸመች «ተው እንጂ፣ ሰው እያየን ነው» ትላለች። ያዘዘው ባካሊያው፣ ያ በጨው የደረቀ ዓሣ፣ በዚህ መሐል ይቀዘቅዛል። በዚህ ሁኔታ ብዙው ሰው ይከፍላል፤ ጉርሻም ይጨምርበታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ሕጉን ባለቤቱ ያውቀዋል፤ አስተናጋጁም ያውቀዋል። ዳቦው ሳይታዘዝ የሚቀመጠው ቋንቋውን የማይችለውን፣ ሕጉን ያላነበበውን፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚያፍረውን ሰው አስቦ ነው። የሰውን ይሉኝታ ቆርሶ ለራሱ ለሰውየው መሸጥ ነው። «የአገሩ ባህል ነው» የሚለውም መልስ አያጠግብም። የአገሩ ሰው ሳይፈልግ ሲቀር «ይቅርብኝ» ይላል፣ ይነሣለታል፣ ማንም አይቀየምም። መመለሱም የባህሉ ግማሽ ነው፤ ለእንግዳው የሚደርሰው ግን የሚያስከፍለው ግማሽ ብቻ ነው።

በእርግጥ ሒሳብ ከተነሣ የእኛና የፖርቱጋሎች የዳቦ ሒሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ለስድስት ዓመት ያህል ሲቀመጥ፣ ከአፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ዳቦና ጠጅ ይላክላቸው እንደነበር በ1540 ሊስበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ጽፎታል። ሳይታዘዝ የመጣ ዳቦ፣ ያለ ሒሳብ። ይህን ይዞ አስተናጋጁን መሞገት የሚያምረው አይጠፋም፤ ግን አያዋጣም። በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ለእኛ ሊዋጋ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ መጥቷል፣ በማግሥቱም ዓመት ተማርኮ ተገድሏል። አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ ያረፈው ሊስበን፣ በሌም ውስጥ ባለው በጄሮኒሞስ ገዳም ነው። ከዚያ ገዳም ጎብኝቶ የወጣ ሰው ስለ ሁለት ዩሮ ዳቦ አፉን ሞልቶ መናገር ያቅተዋል።

ወይራውም ቢሆን ክፉ አይደለም። በነጭ ሽንኩርት የታሸው በተለይ።

መካሪዎቹ ከሚያሳንሱት አንዱ ደግሞ የባሕሩ ቅዝቃዜ ነው። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ነው፤ እግር ሲነከር ግን ሌላ ነው። በእነሱ በጋ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውሃ ከዳርቻው እየገፋ ሲወስደው ከሥር ቀዝቃዛው ስለሚወጣ፣ ከሊስበን ወደ ሰሜን ባለው ዳርቻ በነሐሴም ቢሆን ብዙ ሰው ከጉልበቱ በላይ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ጃኬት ያስፈልጋል። ሞቅ ያለ ውሃ የፈለገ ወደ ደቡብ፣ ወደ አልጋርቬ ይውረድ። መኪና የሚከራይ ከሆነም፣ አልጋርቬን የሚያቋርጠው የኤ22 አውራ ጎዳና የመንገድ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተነሥቷል።