ሰሌዳው ስንት ዓ.ም. ላይ ነው?

ዓለም ከተማ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ። በረንዳው ላይ ባለመስታወት የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በጓጉንቸር ተከርችሟል። ውስጡ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፦ የትኛው ጉዳይ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ። የኃላፊው ፎቶ በፀሐይ ነጥቶ ኮሌታው ብቻ ቀርቷል። ሰውየው ከተዛወሩ ቆይተዋል፤ ኮሌታው ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው።

በገበያ ቀን የመጡ አንድ አዛውንት ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ እኚህን ሰው ነበር የምፈልገው» አሉ።

«አባባ፣ እሳቸው እዚህ የሉም» አለ ጥበቃው።

«ታዲያ ለምን ከዚህ አይነሱም?»

«ቁልፉ እሳቸው ጋ ነዋ! ደብረ ብርሃን።»

ኢትዮጵያ ከፈረንጆቹ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ናት፤ ያውም በባሕረ ሐሳብ ተሰልቶ። ሰሌዳው ግን ከኢትዮጵያም ወደ ኋላ ነው፤ ያለ አንዳች ስሌት።

ካይዘን የሚባለው የአሠራር ማሻሻያ ከጃፓን ሲመጣ 5 «ማ»ዎች ተምረን ነበር፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በሁለተኛው ጎብዘናል፤ አስቀመጥን፣ እንደተቀመጠ ቀረ። ለመለጠፍ ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ስብሰባም አለ፤ ለመንቀል ግን የተመደበ ባለሙያ የለም።

እናም አዲስ ሰሌዳ አንጠይቅም። ጳጉሜን 5 ቀን አላት፤ አንዷን ብቻ ቁልፍ መፈለጊያ አድርጉልን። 6 በምትሆንበት ዓመትማ ሰበብም የላችሁ።