ለዓባይ በረሃ የአደገኛ ጭነት ማሠልጠኛ ተቋም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ከደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ የማሠልጠን ሥራውን ለሕጋዊ ባለቤቱ እንዲያስረክቡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ ያለ በጀት፣ ያለ ዳይሬክተርና ያለ ስትራቴጂክ ዕቅድ ለዘመናት ስላበረከቱት አገልግሎት የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ሕዝብ ምስጋና ይድረስዎ። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ደጀን አፋፍ በተዘረጋው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ግቢዎ ያላለፈ የአካባቢያችን ቤንዚን የለም ማለት ይቻላል። ናፍጣው፣ የአረም መድኃኒቱ፣ የነቀዝ ክኒኑ፣ የባትሪ አሲዱ፣ የሲሊንደር ጋዙ የሚመጣልን በአንቱ በኩል ነው። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው ሰው ሙያውን ከየት ተማረው ቢባል መልሱ ያው አንቱ ነዎት። የመግቢያ ፈተና አይሰጡም፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ አይጠይቁም፤ በትውውቅ አያስገቡም። ምዝገባው ጎሐ ጽዮን፣ ምረቃው ደጀን። ደጀን ያልደረሰ ወድቋል።

ሌሎች ተቋማት በንድፈ ሐሳብ ሲንዛዙ አንቱ በተግባር ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ፍሬን ነው። ተማሪው የተጫነ ቦቴ ይዞ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሣና 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ፔዳሉን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል አይዝም፤ ቆይቶም እግሩ ባዶ ይረግጣል። በከባድ ማርሽ በሞተሩ ጉልበት እየያዙ መውረድ እንደሚገባ ተማሪው የሚያውቀው ወይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ሻይ ቤት ነግሮት ነው፣ ወይ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ሸቶት ነው። አንቱ ሁለተኛውን መንገድ ይመርጣሉ።

ቀጥሎ ፈሳሽ ራሱን የቻለ መንገደኛ መሆኑን ያስተምራሉ። ሞልቶ የተጫነ ክፍል ከመኪናው ጋር ይሄዳል። ገብረ ጉራቻ ላይ ከፊሉን አራግፎ የመጣ ክፍል ግን የራሱ ሐሳብ አለው፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ናፍጣው ወደ ግራ ያደላል፤ ሾፌሩ ያዝሁት ሲል ጭነቱ ገና ወደ ፊት እየመጣ ነው። የቦቴ ሆድ በግድግዳ የሚከፋፈለውም ለዚሁ ነው። ይህን ለአንድ ወጣት ሾፌር ወረቀት ላይ ሥሎ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር። አንቱ ጋ ግን ጥቁር ሰሌዳ የለም፤ ገደል እንጂ።

ሦስተኛውን ትምህርት የሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ሥር የተደበቀው የቤንዚን ጀሪካን ነው። በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ ተከድኖ የተነሣው ጀሪካን ድልድይዎ ዘንድ ሲደርስ በሙቀቱ ሆዱ ይነፋል። ባለቤቱ ያዝንለትና ክዳኑን ላላ አድርጎ ያስተነፍሰዋል። የሚወጣው ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ በተሳፋሪው እግር ሥር እየተሳበ እሳት ይፈልጋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ለእሳት የሚበቃ ትነት ይሰጣልና የጮቄ ተራራ ውርጭም አይገታው፣ እንኳን የአንቱ ሙቀት።

ረዳቱንም ሳናነሣ አናልፍም። ታኮ ታቅፎ ከቦቴው ጎን የሚሮጠው፣ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ጎማው ሥር እጁን የሚሰደው ልጅ የአንቱ ረዳት መምህርም ተማሪም ነው። የደንብ ልብሱ ነጠላ ጫማ ነው።

በነገራችን ላይ የጃፓን መንግሥት ያደረገልዎትን እናውቃለን። በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ የእነሱ ርዳታ ነው፤ መንገዱንም ጠግነዋል፤ አፈርዎ ለምን እንደሚንሸራተት ባለሙያ ልከው አስጠንተዋል። አፈሩ ከሾፌሩ ይልቅ ዕድለኛ ሆነ።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ሥራው በሕግ የሌላ ሰው መሆኑን መረዳታችን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92፣ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ መከላከያ አልባሳትና መሣሪያ እንዲሰጥ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዛል። «አሠሪው ባይመቸው በረሃው ያስተምረዋል» የሚል ንዑስ አንቀጽ ብንፈልግ አጣን። አንቱ የያዙት ሥራ በውክልና እንኳ ያልተሰጠዎት ነው።

ሥልጠና የለም እያልን እንዳይመስልብን። ሥልጠናማ ሞልቷል። የሆቴል አዳራሽ ይከራያል፤ ባነር ይሰቀላል፤ እንግዳው ዘግይተው ይደርሱና «ይህ መድረክ ወሳኝ ነው» ብለው ከፍተው ለሌላ ወሳኝ መድረክ ይወጣሉ። ፓወር ፖይንቱ ይነበባል፤ የሻይ ዕረፍት፤ የቡድን ውይይት፤ የቡድን ፎቶ፤ ሰርተፍኬት። ተሳታፊዎቹ የሰው ሀብት ኃላፊ፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ የግዥ ባለሙያ፣ እንዲሁም መምጣት ያልቻለን ሰው ተክቶ የመጣ ሰው ናቸው። መሐል ላይ መብራት ይጠፋል። ያን ጊዜ ከጓሮ አንድ ልጅ ያለ ጓንት ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣና፣ ገና ትኩስ የሆነ ጄኔሬተር ላይ ናፍጣ እያንጠባጠበ ይሞላል። መብራቱ ይመለሳል፤ ፓወር ፖይንቱም «አደገኛ ፈሳሾችን ስለመገልበጥ» ከሚለው ገጽ ይቀጥላል። በአዳራሹ ዙሪያ ከነበሩት ሁሉ ሥልጠናው የሚመለከተው ያ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱን ግን የጠራው የለም።

ለምን አይጠራም ቢሉ ነገሩ የገንዘብ ነው። ጫኝና አውራጁ የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ ግማሽ ቀን ከተቀመጠ የግማሽ ቀን እንጀራው ይቀርበታል። ደመወዝተኛው ሲሠለጥን ደመወዙ አይጎድልም፤ ውሎ አበልም ይጨመርለታል። እንዲህ ባለ ሥርዓት መርዙን የማይነካ ሰው ስለ መርዝ ቢያውቅ፣ የሚነካው ባያውቅ ምን ይገርማል? ሠራተኛው ግንዛቤ ጎድሎት ነው የሚሉን ሰዎች ግንዛቤውን በኩንታል ዋጋ ቢገዙት ኖሮ ችግሩ ገና ድሮ ባለቀ።

ሌላም አቤቱታ አለን። የተባበሩት መንግሥታት እ.አ.አ. ከ1956 ጀምሮ እየታደሰ በሚወጣ ምክረ ሐሳብ አደገኛ ጭነትን በ9 ምድብ ይከፍላል። ፈንጂው፣ ጋዙ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሹ፣ መርዙ፣ ጨረር አመንጪው፣ አሲዱ እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ዕቃም ቁጥር አለው። ብርቱካንማ ሰሌዳ ላይ 1203 የተጻፈበት ቦቴ ቤንዚን ነው፤ ከላዩ 33 ካለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ማለት ነው፤ ከፊቱ የኤክስ ምልክት ያለበት ቁጥር ሲታይ ደግሞ ውሃ እንዳታፈሱበት ይላል። ቋንቋ ሳይግባቡ ሁለት ሰዎች ከሩቅ የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። የእኛ መንጃ ፈቃድ ጭነትን የሚያውቀው ደረቅና ፈሳሽ ብሎ ነው።

የነቀዝ ክኒን እንግዲህ ደረቅ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይተነፍሳል፤ ለዚያውም የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል። ምድቡ «ከውሃ ሲገናኝ ተቀጣጣይ ጋዝ የሚሰጥ» ነው። እኛ ዘንድ ከታሸገበት ጠርሙስ ወጥቶ ፍሬ በፍሬ በጋዜጣ ይጠቀለልና፣ በሐምሌ ዝናብ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ከማዳበሪያ ከረጢት መሐል ወደ ቢቸና ይጓዛል። ወይም ከዝናቡ ይዳን ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መስኮቱ ብርድ ነው ተብሎ ወደ ተዘጋበት። ደርሶም እህሉ ያለበት ጎተራ ውስጥ ይጨመራል፤ ጎተራው ደግሞ ልጆች ከሚተኙበት መደብ አጠገብ ነው። ሻጩ አላስተማረም፤ እሱንም ማንም አላስተማረውም። ከፋብሪካው እስከ ጎተራው ድረስ መርዙን ያቀባበሉት እጆች ሁሉ አንድም ቃል ሳይቀባበሉ ነው።

ፈሳሽ የሚባለው ወገን የባሰ ነው። የባትሪ አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ፣ መንገድ ሲዘጋና ማደያ ሲደርቅ ቤንዚንም በሃይላንድ ጠርሙስ ነው የሚሸጠው። ውሃም እንደዚያው። ለሕፃን ልጅ ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚጠጣ ማን ይንገረው? ማደያው ግድግዳ ላይ «በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉን ለማንበብ ግን ሰልፍ የያዙት ጀሪካኖች ይከልላሉ፤ ከሰልፉ ራስ አጠገብም አንዲት እናት ከሰል አቀጣጥለው ቡና ያፈላሉ። ቀጂው ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ከሰሉ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየው ስለሌለ ነው።

አገራችን መርዝን በሥርዓት ማጓጓዝ አትችልም ብሎ የሚያማ ቢኖር እንሟገተዋለን። ለአስርት ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ የነበረ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ፣ እ.አ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ተለቅሞ ከ1,500 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ተልኳል፤ እዚያም በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሏል። ያኔ የሚያሽገው ሠራተኛ ሠልጥኖ ነበር። ቱታ ለብሷል፤ ጭምብል አጥልቋል፤ የሚያንጠባጥበውን በርሜል ወደ አዲስ በርሜል መገልበጥን ተምሯል። ስለዚህ እንችላለን፤ መርዙ ከአገር የሚወጣ ሲሆን። ከመርካቶ ወደ ሉማሜ የሚሄድ ሲሆን ጓንቱ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ።

ስለ ወደቁት ተማሪዎችዎ ትንሽ እንጨምር። ቦቴ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚደርሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ አይደለም፤ እረኛው ነው፤ ቀጥሎ የመንደሩ ሰው ጀሪካን ይዞ ይመጣል። እ.አ.አ. በሐምሌ 2010 በኮንጎ ሳንጌ በተባለች መንደር ከ200 በላይ ሰው በዚህ ዓይነት ነደደ። በ2019 በታንዛኒያ ሞሮጎሮ 100 ያህል፤ በ2021 በሴራሊዮን ፍሪታውን ከ100 በላይ። ብዙዎቹ የፈሰሰውን ሊቀዱ ወይም ሊያዩ የተሰበሰቡ ነበሩ። ቤንዚን ከማደያ ዋጋው ብዙ እጥፍ በሚሸጥበት ሰሞን የአንቱ ቁልቁለት ላይ አንድ ቦቴ ቢተኛ ማን ሳይሄድ ይቀራል? ስፔኖች ሎስ አልፋኬስ በተባለ የባሕር ዳር ካምፕ አጠገብ ከመጠን በላይ የተጫነ የፕሮፒሊን ቦቴ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ካለቀባቸው እ.አ.አ. ከ1978 ወዲህ አደገኛ ጭነት ሕዝብ ከሚኖርበት እንዲርቅ አድርገዋል። እኛ ጋ ዋናው መንገድ በደጀንም፣ በማርቆስም፣ በደምበጫም መሐል ለመሐል ነው የሚያልፈው፤ ቦቴውም ማታ የሚያድረው ክትፎ ቤቱ ደጃፍ ነው። ሾፌሩስ ይብላ፤ ቦቴው ግን ከክትፎው ምን አለው?

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ምክንያት ሥራውን ለአሠሪዎች እንዲያስረክቡ እንጠይቃለን። ርክክቡ አዳራሽ አይፈልግም። ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጭነት ሳይጀመር፣ እዚያው መጫኛው ላይ ይበቃል። የዚያ ሰዓት ዋጋ ለጫኙ በኩንታል ሒሳብ ይከፈለው። የሚያነሣውን ዕቃ ምልክት እንዲያነብ፣ ፈሳሽ ከፈሰሰ ሞተር አጥፍቶ ሰዉን ነፋሱ ወደ ሚመጣበት አቅጣጫና ወደ ከፍታው እንዲያወጣ፣ ባዶ የቤንዚን በርሜል በትነቱ ምክንያት ከሙሉው እንደሚብስና ብየዳ ቤት እንደማይወሰድ ይንገሩት። ረዳቱ ታኮውን በእጁ ሳይሆን በእጀታ እንዲያስገባ እጀታ ይሥሩለት፤ እጀታው ብየዳ ቤት ይሠራል፣ በርሜሉ አይሁን እንጂ። እነዚህን የተማረ ሰው አንቱ ግቢ ሲገባ ለፈተና ብቻ ይገባል፤ ያኔ ይፈትኑት፣ አንቃወምም።

ርክክቡ እስኪፈጸም ድረስ ቢያንስ በክረምቱ የመሬት መንሸራተት ፈተናውንና የፍሬን ፈተናውን በአንድ ቀን እንዳይሰጡ በትሕትና እናሳስባለን።

ከሠላምታ ጋር
በመንገዱ ዳር የምንኖር

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ እንዲያውቁት
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፦ እንዲያውቁት
ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፦ እንዲያውቁት
ለቦቴው ረዳት፦ እንዲፈጽም