ለጋይንት ዳገት የሚሆን ብስክሌት

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ብስክሌት የማይመክር ሰው የለም። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሁሉም ነጂ ነው፤ ሁሉም ነጂ ስለሆነም ሁሉም ሊቅ ነው። ችግሩ የባሕር ዳር ሊቅ ምክር ወረታን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ማለቁ ነው።

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ለገና አገሬ መካነ ኢየሱስ በብስክሌት እገባለሁ እያልኩ ሳወራ የሰማ የአክስቴ ልጅ፣ ከውጭ ሲመጣ አንድ የሚያብረቀርቅ ብስክሌት ይዞልኝ መጣ። ቴላዮው አሉሚኒየም፣ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ፣ መቀመጫው እንደ ሶፋ የሚሰምጥ። «ይሄ ዓለምን ያዞርሃል» አለኝ። ዓለም እስቴን ይጨምር አይጨምር አልነገረኝም።

እስከ ሐሙሲት ድረስ ንጉሥ ነበርኩ። የፎገራን ሜዳ ስያያዘው ግን ያ ሶፋ ጠላቴ ሆነ። ስፖንጅ ለአጭር መንገድ ነው የሚመቸው፤ ሰዓቱ ሲረዝም የመቀመጫ አጥንት ይሰምጥና ዙሪያው ያለው ሥጋ እየተፋተገ ይላጣል። ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ጠንከር ያለ፣ ቀስ በቀስ የገላን ቅርጽ የሚይዝ የቆዳ ኮርቻ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ወረታ የገባሁት ቆሜ ነው።

እዚያ አንድ ሰው በፎኒክስ ብስክሌት ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ አጠገቤ ቆመ። «አያ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት። «አባቴ ነው የገዛው» አለኝ። ብረቱ የተበየደበት ቦታ ብዙ ነው፤ አንዱም ግን አልለቀቀም። ወደ ደብረ ታቦር አብረን እንውጣ ብለው ሳቀ። «ይሄ ለሜዳ ነው። ዳገት ላይ እኔ ነኝ እሱን የምጭነው።» ፎኒክስ ማርሽ የለውማ!

ከወረታ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,700 አካባቢ ይደርሳል። በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚዘልቀውን ይህን መንገድ ቻይናዎች ስለሠሩት «የቻይና መንገድ» ይባላል። ዳገቱን ግን ቻይና አልሠራውም፤ የጉና ተራራ ራሱ ነው የዘረጋው። እየተንፏቀቅኩ ዓለም በርን ካለፍኩ በኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ከቴላዮው የተያያዘበት ጆሮ ተገንጥሎ፣ ሻንጣዬ አስፋልቱን ይጠርጋል።

ደብረ ታቦር ያገኘሁት በያጅ ቴላዮውን በጥፍሩ ጫር አደረገና «አሉሚኒየም ነው፣ ወንድሜ። በኔ ኤሌክትሮድ ይቀልጣል እንጂ አይያያዝም» አለኝ። ጎሚስታው ደግሞ የሚያንጠባጥበውን ፍሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ዘይቱን ከየት አባቴ ላምጣው? ገመድ ቢሆን ሻይህን ሳትጨርስ እጨርስልህ ነበር።»

ሻዩን እየጠጣሁ ስለ ሸክም አሰብኩ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት እዚያው ቅርብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነስተው መቅደላ ሲያደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። መንገዱን የሚጠርግ፣ መድፉን የሚጎትት ሠራዊት ነበራቸው። እኔ ያለኝ ሁለት ጉልበት ነው፤ ለገና ብዬ የጫንኩት ግን የሠራዊት ስንቅ ያህላል።

ስለ ብስክሌትና ተራራ ካነሳን፣ ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት በ1963 እ.ኤ.አ. በብስክሌት ከአገሯ ሕንድ ገብታለች። በመንገድ እንዳይበላሽባት ብላም ማርሹን አስቀድማ አስወልቃው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኛን ተራሮች ልታይ ስትመጣ ግን ብስክሌት አላመጣችም፤ በቅሎ ይዛ በእግሯ ሄደች። የጋይንት ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

እኔስ? መካነ ኢየሱስ በገና ዋዜማ ደረስኩ፤ ብስክሌቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ከዶሮና ከሙክት ጋር። መናኸሪያው በር ላይ የቆሙ አንድ አዛውንት ትክ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ሰው ይጭናል ወይስ ሲጫን ነው የሚኖረው?» አሉኝ።

መልሱን አሁን አውቀዋለሁ። ለረጅም መንገድ ቴላዮው ከብረት ይሁን፤ ቢሰበር ማንኛውም በያጅ ይይዘዋል። ጎማው በየከተማው የሚገኘው ባለ 26 ይሁን፤ ወፈር ይበል፤ ሽቦው 36 ይሁን። ፍሬኑ በገመድ፣ ዕቃ መጫኛውም ከብረት። መሪው ከኮርቻው እኩል ከፍ ይበል፤ አለዚያ ወገብና እጅ ይደነዝዛሉ። ማርሹ የግድ ነው፦ ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ ካለው ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 1 ሜትር ከ35 ያህል ብቻ ይራመዳል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ከነሸክሙ ዳገት ይወጣል። ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ቢጨምር ከሻንጣችሁ ቀንሱ።

እንግዲህ ልትገዙ ስትነሱ ሻጩን ብቻ አትጠይቁ። ከመንገዳችሁ ላይ ያለችውን ትንሿን ከተማ ምረጡና ጎሚስታዋን ጠይቁ። «ይሄን ፈትቼ አላውቅም» ካላችሁ፣ ብስክሌቱ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ለባሕር ዳር ግዙት፣ ለጋይንት ግን አትግዙት።